በኪስ የሄደው የጎንደር ቅርስ

በጎንደርና በሰሜን ደጋ በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ከመጽሐፉና ከመጎናጸፊያው ሌላ የብረታ ብረት ንዋየ ቅድሳት ይቀመጣሉ፤ የመጾር መስቀል፣ የእጅ መስቀል፣ ጽዋ፣ ጻሕል፣ ዕርፈ መስቀል፣ ጸናጽል፣ ጽና፣ ቃጭል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ደግሞ በምእመኑ አካል ላይ የአንገት መስቀል፣ የክታብ ማኅደር፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ አምባርና አልቦ አለ። ከረጅሙ የመጾር መስቀል በቀር አብዛኛው በአንድ እጅ ተይዞ፣ በኮሮጆ ወይም በኪስ ተከቶ የሚሄድ ነው። የፋሲል ግንብ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ትንንሹ ዕቃ ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከከተማው ሲወጣ ኖሯል። የወጣበት መንገድ እንደየዘመኑ ስጦታ፣ ግዢ፣ ዘረፋ፣ ሳይንስ፣ ቱሪዝም እየተባለ ተጠርቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይተው ካልተጠቀሱ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 መናገሻ ሲያደርጓት፣ መንግሥቱ ግንበኛም አናጢም አንጥረኛም ያስፈልገው ነበርና ባለ እጁ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማዋ ተሰበሰበ። ብረት በመቀጥቀጥ፣ በግንባታና በሸክላ ሥራ ቤተ እስራኤል የታወቁ ነበሩ። የክርስቲያኑን ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ የሚሠራው፣ በወናፉና በእሳቱ ምክንያት «ቡዳ» እየተባለ የሚፈራው ሰው ነበር። ማኅበረሰቡ ባለ እጁን ንቆ የእጁን ሥራ ሲያከብር ኖሯል፤ የመስቀሉ ሠሪ ስም በመስቀሉ ላይ እምብዛም የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቅርጹ መጀመሪያ በንብ ሰም ይበጃል። ሰሙ በላመ ጭቃ ተደጋግሞ ይለበጣል፤ ጭቃው ደርቆ እሳት ላይ ሲቀመጥ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ተሰብሮ መስቀሉ ይወጣል። ቅርጽ ማውጫው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለማያገለግል፣ በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆኑም። በሁለተኛው መንገድ ተቀጥቅጦ የሳሳ ናስ በመቁረጫ እየተበሳና እየተቆረጠ ሐረግ ይወጣለታል፤ ከዚያም በሹል ብረት ሥዕል ይጫርበታል። በአማርኛ «ነሐስ» እና «ናስ» እየተቀያየሩ ስለሚነገሩ፣ ቢጫ መልክ ያለውን ሁሉ ባለ እጁ በአንዱ ስም ሲጠራው፣ ሙዚየም ግን መዳቡ ከቆርቆሮ ጋር ነው ከዚንክ ጋር የተቀላቀለው ብሎ ይለየዋል።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ማዕድን መጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር በቀይ ባሕር በኩል እየገባ በጎንደር ገበያ ገንዘብ ሆነ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛ ዘንድ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ነበር። ልጇን የምትድር እናት ሁለት ሦስት ብር ይዛ ትሄዳለች፤ አንጥረኛው አቅልጦ ወይም ቀጥቅጦ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባር ያደርገዋል። አልፎ አልፎ ጠገራው ሳይቀልጥ ተቀጥቅጦ የተቆረጠበት የአንገት መስቀል ይገኛል፤ ጀርባው ወደ ብርሃን ሲዞር የንግሥቲቱ ጸጉር ወይም ከዙሪያው ጽሑፍ አንዲት ፊደል ትታያለች። ፊቱ በመሳለምና በልብስ መታከክ ልሟል፤ ማዕተቡ የሚያልፍበት ቀለበት ደግሞ በአንድ በኩል ተበልቶ እንደ ክር ቀጥኗል። የለባሹን ዕድሜ የሚናገረው ያ የተበላ ቀለበት ነው፤ ስሙን የሚናገር ግን በላዩ ምንም የለም።

የመጾር መስቀሉ በዚህ ይለያል። በጎንደር ዘመን በናሱ ፊት ላይ እመቤታችንን ከልጇ ጋር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ጻድቃንን መቅረጽ ልማድ ሆነ፤ ከግርጌ መስቀሉን ያሠራው ሰው ወድቆ ሲሰግድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ተጽፏል። ስጦታው ደግሞ በመስቀሉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ማን፣ ለየትኛው ደብር፣ ምን እንደሰጠ በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይመዘገባል። ዕቃ ቤቱ ከነመዝገቡ የተሟላ ስብስብ ነበር ማለት ነው። በቻይና የሶንግ ዘመን ሊቅ ሉ ዳሊን በ1092 የጥንት የነሐስ ዕቃዎችን ከነሥዕላቸውና ከነጽሑፋቸው በመጽሐፍ ሲያሰባስብ የራሱን አገር ባለጠጎች ስብስብ ነበር የመዘገበው። ጎንደር ላይ ግን ዕቃ ለውበቱ ብቻ የሚሰበስብ ባላባት አይታወቅም። ሰብሳቢው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካታሎጉ የወንጌሉ ኅዳግ ነው። በኋላ የሆነውን ጥፋት ልኩን ለመረዳት ይህ መያዝ አለበት፤ ወንጌሉ በአንድ በኩል፣ መስቀሉ በሌላ በኩል ሲሄዱ የጠፋው ማን የማን እንደነበር የሚያሳየው ነገር ነውና።

የጎንደርን ነገር ይዘው ከሄዱ አውሮፓውያን ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ፤ በታኅሣሥ 1771 በሰናር በኩል ወጣ። ሥዕል የሚሠራለት ጣሊያናዊ ጓደኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ እዚያው ጎንደር ሞቶ ቀርቷል። ብሩስ ዓይኑ በመጻሕፍት ላይ ነበር፤ በአውሮፓ ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ተመልሷል። ከትንንሽ ጥንታዊ ዕቃዎች ደግሞ ከአክሱም የተገኘች፣ የግብጹ አምላክ ሆረስ አዞ ረግጦ የተቀረጸባት አነስተኛ ድንጋይ እጁ ገብታ፣ ሥዕሏን በ1790 ባወጣው የጉዞ መጽሐፉ አሳትሟል። መስቀልና ናስ ግን እምብዛም አልማረከውም። የዘመኑ አውሮፓዊ ሊቅ ለጥንት ግብጽና ለግሪክ እንጂ ለቆመ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ዋጋ አይሰጥም ነበር፤ ለጎንደር መስቀሎች ለጊዜው የጠቀማቸው ይህ ንቀት ነው።

በ1832 ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል እንስሳ ሰብሳቢ ነበር። የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ ጎንደር ሲገባ ያጠመደውንና የገዛውን ቆዳና አጥንት ይዞ ነበር። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ በሳይንስ ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገቡት በእሱ እጅ ነው፤ የቀይ ቀበሮው ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ «ሰሜን»ን ይጠራል። ጎንደር ላይ ከሊቅ አጥቁ ጋር ተዋውቆ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አስጻፈ፤ መጻሕፍትም ገዝቶ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት አወረሰ። ከእሱ ቀጥሎ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገሪቱ የቆየው አንቷን ዳባዲ 234 የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ፓሪስ አደረሰ። እነዚህ ሰዎች በአመዛኙ ከፍለው ነው የወሰዱት፤ የወሰዱትንም ከነቦታውና ከነሰጪው ጽፈው አስቀምጠዋል። ከእነሱ በኋላ ከመጡት ጋር ሲመዘኑ ጨዋ ሰብሳቢዎች ነበሩ።

ትልቁ ፍልሰት የጀመረው በኢትዮጵያዊ እጅ ነው። የሰሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለንግሥናቸው በሰሜን ደጋ ላይ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው፣ ጀርመናዊው ዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርም በግንባታው ረድቷቸው፣ ዝግጅቱ ተጠናቆ ነበር። በየካቲት 1855 ካሳ ኃይሉ ድል አድርገዋቸው፣ ውቤ ለራሳቸው ባሰናዱት ቤተ ክርስቲያን «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ንጉሡ በኋላ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ደብር ለመትከል አሰቡ፤ ለደብሩም መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ከየቦታው ያስመጡ ጀመር። ጎንደር በ1864 ተበዘበዘች። በ1866 መጨረሻ ደግሞ ንጉሡ ከካህናቱ ጋር የነበራቸው ጠብ ጫፍ ደርሶ ከተማዋ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠለች። ከየደብሩ ዕቃ ቤት የወጣው መስቀል፣ ጽዋ፣ አክሊልና መጽሐፍ ወደ መቅደላ ተጋዘ። ጎንደር ከሁለት ክፍለ ዘመን በላይ ያጠራቀመችው በአንድ አምባ ላይ ተከማቸ፤ እንግሊዞች ከየደብሩ ማሰስ አላስፈለጋቸውም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን መረጡ። ወታደሩ ግምጃ ቤቱን ሲገለብጥ ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር፤ ዕቃ መግዣ 1,000 ፓውንድ ተሰጥቶት የመጣ። ከ33ኛው ክፍለ ጦር ወታደር የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ከሳምንት በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ የተዘረፈው ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘና ለሁለት ቀን ጨረታ ተደረገ። ዕቃውን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንደተሸከመው ተጽፏል። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ገደማ ተገኝቶ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የጨረታው ሸቀጥ በዝሆን የተጫነው ነው፤ በወታደር ኪስ የገባው አንገት መስቀልና ቀለበት በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። በዛሬው ዘመን በእንግሊዝ ገጠር ጨረታ ቤቶች ብቅ የሚለው «ከቅድመ አያቴ ሻንጣ የተገኘ» መስቀል ብዙ ጊዜ የዚያ ኪስ ልጅ ነው።

የወርቅ ጽዋው ግን ባለቤቱን ራሱ ይናገራል። ዙሪያውን በግዕዝ የተቀረጸው ጽሑፍ ዳግማዊ ኢያሱና በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ የተባሉት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም እንደሰጡት ይገልጻል። ቁስቋም እቴጌይቱ በ1730ዎቹ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያሠሯት ደብር ናት፤ ከቤተ መንግሥቷ ፍርስራሽ ጋር ዛሬም ትታያለች። ጽዋውና አክሊሉ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። እዚያው ሙዚየም ከመቅደላ የሄደ ሌላ ስብስብ አለ፤ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና የብር ጌጦች፣ አልቦውና የአንገት ሐብሉ። ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የሰሜን ሴት ናቸው፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር በ1879 አረፈ። ከንዋየ ቅድሳቱ ሁሉ አጠገብ ሲታይ የአንዲት እናት አልቦ ትንሽ ነገር ነው፤ በየትኛውም ጦርነት ሕግ የጦር ምርኮ የሚያሰኝ ግን ምንም የለውም።

መጻሕፍቱ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ከእነሱም መካከል በኅዳጋቸው የጎንደር ደብሮችን ርስትና ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር የያዙ አሉ። መዝገቡ በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የተመዘገበው ዕቃ በሌላ ሙዚየም ወይም በግለሰብ ሳሎን ሆነ። ሆልምስም ለሙዚየሙ ከገዛው ሌላ ለራሱ ያስቀረው ነበረው፤ የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ለእንግሊዝ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱ ሲጽፉ፣ አንድ ክብረ ነገሥት ተላከላቸው፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። በ1905 ፎቶግራፉ በአንድ የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ መጽሔት ወጣ፤ በ1917 በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

በ1888 መጀመሪያ የሱዳን መሐዲ ጦር ጎንደር ገብቶ የቀረውን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። በቆሙት ጥቂት ደብሮች፣ በተለይ በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የተረፈው ዕቃ ከዚያ በኋላ የጎንደር ስብስብ ሆነ።

ዳካር ጅቡቲ የተባለው የፈረንሣይ የጥናት ጓድ በሐምሌ 1932 ጎንደር ሲደርስ ከተማዋ በፍርስራሽ መካከል የተበተነች የመንደር ጥርቅም ነበረች። መሪው ማርሴል ግሪዮል፣ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ፣ አስተርጓሚያቸው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። በጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፍረው እስከ ታኅሣሥ ቆዩ፤ የዛርን ሥርዓት መዘገቡ፣ የብራና መጽሐፍና ክታብ ገዙ፣ የቤት ዕቃና የልጆች መጫወቻ ሳይቀር ሰበሰቡ። ጓዱ ከመላው ጉዞው ከ3,000 በላይ ዕቃ ፓሪስ አስገብቷል። የጓዱ እምነት፣ የአንድን ሕዝብ ኑሮ ከወርቅ ዘውድ ይልቅ ተራ ዕቃ ይገልጠዋል የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ወደ ተግባር ሲለወጥ ግን ከሰው አንገት የማይወርድ ነገር አልቀረም ማለት ነው። ስመ ጥሩው ሥራቸው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ነቅለው፣ በምትካቸው የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ የሣላቸውን ግልባጮች መለጠፋቸው ነው። አሮጌው ተበላሽቷል፣ አዲስ እናደርግላችኋለን የሚል ውል ነበር። ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻው በማሊ ቅዱሳት ዕቃዎች እንዴት በማስፈራሪያ እንደተወሰዱ ሳይሸፍን ስለጻፈ፣ መጽሐፉ ለዛሬ ክርክር የምስክር ወረቀት ሆኗል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሰብሳቢው ተለወጠ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ሲቋቋም፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዙ፤ ከመርካቶ ነጋዴ፣ ከየገጠሩ ከሚመጣ ሰው መስቀል እየገዙ በገነተ ልዑል ግቢ አከማቹ። ሌላው ፖላንዳዊ፣ ሐኪሙ ቫትስላቭ ኮራቢዬቪች፣ መስቀል እየሰበሰበ በ1973 ስለ ኢትዮጵያ መስቀል መጽሐፍ አወጣ። የተቋሙ የእጅ መስቀሎችም በ1990 በግርማ ኪዳኔና በጀርመናውያን ባልደረቦቻቸው በካታሎግ ታተሙ። ሥራው ዘግይቶ መጣ፤ ቢሆንም የአገር ውስጥ ሙዚየም የራሱን ትንንሽ ዕቃ በመጠን፣ በማዕድንና በቅርጽ መዝግቦ ያሳተመበት ሥራ ነው። የሚጎድለው የትውልድ ቦታው ነው፤ ከነጋዴ የተገዛ መስቀል የትኛው ደብር እንደነበረ ነጋዴው ቢያውቅም አይናገርም።

ሕጉ በ1966 በአዋጅ ቁጥር 229 መጣ፤ ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በ1989 እና በ2000 በወጡ አዋጆች ተተካ። በመሐሉ ሰሜን ተራሮች በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ቱሪስቱ በዛ። የጎንደር ስጦታ ዕቃ ሱቆችም በመስቀል ተሞሉ። አሮጌ ስለተፈለገ አዲሱ እንዲያረጅ ይደረጋል፤ ናሱ በአሲድ ይነከራል፣ ጭስ ይጠጣል፣ አመድና ቅባት ይታሻል። ለይቶ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ቀለበቱን ያያል። ፊቱ ጠቁሮ ቀለበቱ ካልተበላ አንገት አይቶ አያውቅም። ሐረጉ ጠርዝ ላይ ጣት ሲያልፍበት የሚቆርጥ ከሆነም ማንም አልተሳለመውም። ይህ ማስረጀት ያስቀይማል፤ ነገር ግን እውነተኛውን ከዕቃ ቤት ከማውጣት ይልቅ ሐሰተኛውን መሥራት ቀላልና ትርፋማ በመሆኑ፣ አስመሳዩ ሳያስበው የደብሩ ዕቃ ዘበኛ ሆኗል።

ስርቆቱ ግን አልቆመም። በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለ መስቀል ቤልጅግ አገር ተገኝቶ፣ ለያዘው ሰው 25,000 ዶላር ተከፍሎ በ2001 ተመለሰ። ለዚያ መስቀል የተጮኸለት ስሙ የታወቀ ስለሆነ ነው፤ ከአንድ የሰሜን ገጠር ደብር ለጠፋ የእጅ መስቀል ፎቶግራፍ ከሌለ የሚቀርብ ማስረጃ የለም። በቅርብ ዘመን በየደብሩ ዕቃ እየተለካ፣ ፎቶ እየተነሣና ቁጥር እየተሰጠው መመዝገቡ በወንጌል ኅዳግ የነበረውን ሥራ በአዲስ ወረቀት መቀጠል ነው።

የተመለሰውም በአብዛኛው ትንንሹ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ለንደንን ከጎበኙ በኋላ ከቴዎድሮስ ዘውዶች በወርቅ የተለበጠው የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተሰጠ፤ የወርቁ ለንደን ቀረ። በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። በ1999 የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትና ጓደኞቻቸው የመቅደላ ቅርሶችን የሚያስመልስ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2002 በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት ተመለሰ፤ በ2019 የቴዎድሮስ ቁንዳላ ተሰጠ። በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት አንድ ጨረታ ቤት ለሽያጭ ያወጣቸው የመቅደላ ዕቃዎች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው ወጡ፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቷቸው ከሌሎች ጋር፣ የመጾር መስቀልና አክሊል ጭምር፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ የቁስቋምን ጽዋና አክሊል ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጌጥ ጋር ለዕይታ ሲያቀርብ፣ ዳይሬክተሩ ያቀረቡት ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር፤ የኢትዮጵያ ወገን ደግሞ የራስን ዕቃ መዋስ የሚለውን ቃል አልተቀበለውም። በፓሪስም በ2025 የኬ ብራንሊ ሙዚየም የዳካር ጅቡቲ ጓድ ዕቃዎች እንዴት እንደተገኙ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር አንድ በአንድ መርምሮ ዐውደ ርእይ አሳየ። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች እዚያው ናቸው። ጽዋውም፣ ቁስቋም የሚለው ጽሑፍ ዙሪያውን እንደተቀረጸበት፣ ለንደን ነው።